«መኪናው ቢያመልጠንስ?» የእግር መንገደኞች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመጡትን ደብዳቤዎች ሳያቸው አብዛኞቹ ሁለት ነገር ላይ ነው ሚያርፉት፣ መኪና እና ዝናብ። ይገባኛል፣ ነሐሴ እያለቀ ነው፣ ሰዉ ሁሉ አደይ አበባው ሳይረግፍ ወሎ ተራራ ላይ ለመገኘት ጓዙን እያዘጋጀ ነው፣ ግን መስከረም እኛ ጋ ፎቶ ላይ እንደሚታየው ብቻ አይደለም፣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና 8 ሰዓት ላይ በረዶ ያወርዳል። ስለዚህ ዛሬ አንዳንዱን ረዘም አርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኛ ከአዲስ አበባ አምስት ጓደኛሞች ነን። አምና መስከረም መጀመሪያ ላይ ከላሊበላ ተነስተን አቡነ ዮሴፍ ተራራን ወጥተን ልንመለስ ነበር ያሰብነው፣ ግን ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ አራት ሰዓት ሙሉ ተገተርን፣ ጋሸና ስንደርስ መሽቶ ወደ ላሊበላ ሚሄድ መኪና የለም ተባለ። በማግስቱ ደረስን፣ አንድ ቀን ስለጠፋብን ግን የሶስት ቀኑን በሁለት ቀን እንጨርስ ብለን በዝናብ ስንጣደፍ አንዷ ልጅ ታማብን ከግማሽ ተመለስን። ዘንድሮ ድጋሚ መሞከር እንፈልጋለን፣ ምን ብናረግ ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅቷ ደህና መሆኗ ነው ትልቁ ነገር፣ ከግማሽ መመለሳችሁም ልክ ነበር። ደብዳቤያችሁን ሳነብ ያስደነገጠኝ ጋሸና ማደራችሁ አይደለም፣ ጋሸና ማደር ያለ ነው። ወልድያ ላይ መኪና ሲሞላ ነው ሚወጣው፣ በድልብ በኩል አቀበቱን ስትጀምሩ ጉም ከወረደ ደሞ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነው ሚሄደው፣ ቀስ ማለትም አለበት። ያስደነገጠኝ «የሶስት ቀኑን በሁለት ቀን» ምትለዋ ጋ ስደርስ ነው። መኪና የበላውን ቀን ከተራራው ላይ መቀነስ አይቻልም፣ በዚህ አምድ መቶ ጊዜ ብደግመው አይሰለቸኝም፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ ያየሁት ጉዳት ሁሉ ማለት ይቻላል መነሻው የመኪና ሰዓት ነው፣ ወይ ያለፈ መኪና ለማካካስ ወይ ሊያልፍ ያለ መኪና ለመያዝ።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አውጡት። ስራ መግባት ያለባችሁ መቼ ነው? ከዛ በፊት አንድ ባዶ ቀን ተዉ፣ ከእግር ጉዞው በፊትም አንድ ባዶ ቀን ተዉ። ባዶ ቀን ማለት ምንም ያልታቀደበት ቀን ነው፣ መኪና ከበላው ይብላው፣ ካልበላው ላሊበላ ላይ አርፋችሁ ቤተክርስቲያኖቹን ታያላችሁ። ይሄን ያህል እረፍት ከሌላችሁ አቡነ ዮሴፍን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና የአሸተን ማርያምን ገዳም ወይም የይምርሃነ ክርስቶስን ቤተክርስቲያን በእግር ሂዱ፣ ይምርሃነ ክርስቶስ ከከተማው በእግር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዋሻው ውስጥ ያለውን ህንጻ ስታዩ ትንሽ መንገድ ነው አትሉም።

መኪናውን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በአንድ ቀን ትደርሳላችሁ ሚላችሁን ሰው አትስሙት። ደሴ ወይ ወልድያ እደሩና ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ተገኙ፣ ነጋዴውም ታማሚውም ጉዳይ ያለውም ጠዋት ስለሆነ ሚንቀሳቀሰው የመጀመሪያው መኪና ቶሎ ነው ሚሞላው፣ ረፋድ ላይ ከሄዳችሁ ግን እንደ አምናው ትገተራላችሁ። ሁለት ሶስት ወንበር ብቻ ከጎደለ ደሞ አምስት ስለሆናችሁ የጎደለውን ከፍላችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ፣ ግን ከረዳቱ ጋር ሳይሆን ከሾፌሩ ጋር ተስማሙ፣ አለበለዚያ ወንበሩ ሁለቴ ይሸጣል፣ እኔ ላይ ደርሷል። ጋሸና አመሻሽ ላይ ከደረሳችሁና ወደ ላሊበላ ያለውን 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ሚወስዳችሁ ከጠፋ አትጨቃጨቁ፣ አልጋ ያዙ። ብርዱ ከባድ ስለሆነ ወፍራሙን ልብስ ሻንጣ ስር አትቅበሩት። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው፣ ገበያ ቀን ወደ ገጠሩ ሚያስገባውም ሚያስወጣውም መኪና ይበዛል፣ የትም ወረዳ ስትሄዱ «እዚህ ገበያ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከየትኛውም የጉዞ ፕሮግራም በላይ ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር ደሞ በጣም እለምናችኋለሁ፣ በነዚህ አመታት መንገድ በድንገት ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ወልድያም ላሊበላም ያለ ሰው ጋ ደውሉ፣ ስትጠይቁም «ሰሞኑን እንዴት ነው» ሳይሆን «ዛሬ ጠዋት መኪና ወጥቷል ወይ» በሉ። ሰውየው መልሱ ላይ ከተንተባተበ ቅሩ፣ ተራራው የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ታመመችው ልጅ። ምን እንዳመማት አልጻፋችሁም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከሆነ የከፍታ ህመም ሊሆን ይችላል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ከሸገር መጥቶ እዛ ላይ በጥድፊያ መውጣት ለማንም ከባድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ ምትተኙበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉት። ላሊበላ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ በመሀል አሸተን ማርያም ወጥታችሁ ተመለሱ፣ እሷም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሰውነታችሁን ትፈትንላችኋለች፣ ከዛ ወደ ላይ ስትሄዱ መንገድ ላይ እያደራችሁ ውጡ። ራሱን እያመመው ያለ ሰው ተጨማሪ ከፍታ አይወጣም፣ እየባሰበት ከሄደ ወይም መራመድ ካወላገደው በሌሊትም ቢሆን ይወርዳል፣ መድሃኒቱ መውረድ ነው። ብርዱን ደሞ እንዲህ አስሉት፣ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፣ ከተማው 18 ዲግሪ ሆኖ በቲሸርት ስትወጡ አናቱ ላይ 8 ነው፣ እሱም ንፋስና ዝናብ ሳይጨመር። ከቻላችሁ ከመስከረም መጀመሪያ ይልቅ ጥቅምትን ምረጡ፣ ሌሊቱ አመዳይ ይጥላል፣ ቀኑ ግን ደረቅና ጥርት ያለ ነው፣ ጅብራ ተክሉም ጭላዳ ዝንጀሮውም በደንብ ይታያል፣ እድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮም።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 አመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው። ስለት ስላለባቸው ዘንድሮ ለግሸን ማርያም የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ ብለው ቆርጠዋል፣ እኔ ዝናቡንም ጭቃውንም የመኪና ግፊያውንም ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ፣ ላስቀራቸው ወይስ አብሬ ልሂድ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብረሻቸው ሂጂ እህቴ። ስለት ያለበትን ሰው ማስቀረት አትችይም፣ ብትችይም አመቱን ሙሉ ሲያዝኑ ነው ምታይው። ግን ቀድመሽ ሀኪም ቤት ውሰጂያቸውና አቀበት ሊወጡ እንደሆነ ተናግረሽ ግፊታቸውን አስለኪ፣ ሀኪሙ አይሆንም ካለ እሱ ራሱ ይንገራቸው፣ ከልጅ ይልቅ ሀኪምን ይሰማሉ። መድሃኒታቸውን በሁለት ፌስታል ጠቅልለሽ ካንቺ ሰውነት ጋር ያዢው፣ ሻንጣ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይረጥባል ወይም ይጠፋል።

በዓሉ መስከረም 21 ነው፣ ሁሉም ሰው ስለመድረስ ነው ሚያስበው፣ ችግሩ ግን መመለሱ ላይ ነው። ሲደርስ ሰዉ በተለያየ ቀን ነው ሚደርሰው፣ ሲመለስ ግን ቅዳሴው እንዳበቃ ሁሉም በአንዴ ወደ መኪና ነው ሚሮጠው፣ መገፋፋት አለ፣ ታሪፉም ይወደዳል፣ አሮጊቶችን ገፍተው ሚገቡ ጎረምሶች አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ያናድደኛል። እናትሽን እዛ ውስጥ አታስገቢያቸው። ስንቅ ጨምራችሁ ያዙና በ22 ወይ በ23 ተመለሱ። ድርቆሽና በሶ ካለ ሁለት ቀን ምን አላት? ውሃ ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ እንደዛ ሰው በበዛበት ቦታ ምንጩን አትመኑት፣ ውሃ አጋር ሚባለውን የውሃ ማከሚያ ያዢ ወይ አፍልታችሁ ጠጡ።

መንገዱን እሳቸው ይምሩ፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ። ማውራት እስኪያቅታቸው ካለከለኩ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፣ አረፍ በሉ። ጫማ አዲስ አትግዢላቸው፣ የለመዱት ይሁን፣ ሶሉ ግን ያልተላጠ፣ ጭቃው ላይ በተለይ ቁልቁለቱ ላይ ነው ሰው ሚሰበረው። ጥሩ ዱላ አስያዣቸው። ደረታቸውን ከጨነቃቸው ወይ አንድ ጎናቸው ከደነዘዘ ጉዞው እዛው ላይ ያበቃል፣ ለበዓሉ ሚመደብ የህክምና ቡድን ካለ የት እንደሆነ ገና ስትደርሱ ጠይቂ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ ስልክሽ ላይ መዝግቢው።

ጥያቄ፦ ጃንጥላ፣ የዝናብ ጃኬት ወይስ ጋቢ? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ጋቢ ለማደሪያ እንጂ ለዝናብ አይሆንም፣ ጥጥ ነው፣ ሲረጥብ ድንጋይ ያክላል፣ ሙቀትም አይይዝም። ጅንስም እንደዛው። ሱፍ ግን ቢረጥብም ይሻላል፣ የድሮ አባቶች ደጋ ላይ በርኖስ ሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም፣ እረኞቹም ገሳ ደርበው ውለው ይገባሉ። ጃንጥላ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ዝናብና ለከተማ ነው፣ ገመገም ላይ ንፋሱ ይገለብጠዋል። ጃኬት ለመግዛት ብር ካጠረህ ወፍራም ላስቲክ ከገበያ አስቆርጠህ ለራስህም ለቦርሳህም ያዝ፣ ምንም አያሳፍርም። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳህ ውስጥ ይኑር፣ እሱን መንገድ ላይ አትልበሰው፣ ማታ ስትቆም ነው ሚያድንህ። ብርድ የገባው ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ምላሱ ይያዛል፣ ይደነቃቀፋል፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም «ተሻለው» እንዳትል፣ ባሰበት ማለት ነው። እርጥቡን አውልቀህ ደረቅ አልብሰው፣ ከነፋስ አስጠልለው፣ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጠው። አረቄ በፍጹም፣ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነቱን ሙቀት ነው ሚያስወጣው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በደላንታ በኩል ወርደን በሽሎን ተሻግረን መቅደላ ለመውጣት አስበናል። በወዲያኛው በኩል መኪና በቀጠሮ ይጠብቀናል። የአገሩ ሰው ግን ዝናቡ ከዘገየ በሽሎ አይታመንም ይለናል፣ ወንዙ ሞልቶ ብናገኘው ምን እናርግ? (ከውጫሌ)

መልስ፦ ደስ ሚል ጉዞ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ እስከ 7 ቶን ሚገመተውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር አስነስተው መንገድ እያስቆረጡ በዚሁ በሽሎ ገደል አውርደው ነው መቅደላ ያደረሱት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመሰዋታቸው ሳምንታት በፊት ማለት ነው። ወራት ፈጅቶባቸዋል፣ የወሰዱትም በበጋ ነው፣ ክረምት ላይ ያ ገደል መድፍ አይደለም በቅሎ አያሳልፍም። ከደላንታ ሜዳ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ታች ቆላ ነው፣ እናንተ ላይ ጸሀይ እያቃጠለ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፣ በሽሎ ደሞ የዛን ሁሉ ደጋ ውሃ ሰብስቦ ነው ወደ አባይ ሚወርደው። ስለዚህ ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ አትመልከት፣ ወንዙ ሚመጣበትን በኩል ያለውን ተራራ ተመልከት።

ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ድምጹ ከተለወጠ፣ ከወንዙ ዳር ሽሹ፣ ደራሽ ነው። ጉልበት ድረስ ያለ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ደራሽ ብዙ ጊዜ በመጣበት ፍጥነት ነው ሚጎድለው፣ ሰዓታት መጠበቅ ነው፣ አንዳንዴም ማደር ነው። መሻገር ሚቻል ሲሆን ደግሞ ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን ቦታ ፈልጉ፣ ውሃው የተበተነበት ቦታ ጥልቀቱ ያንሳል፣ የቦርሳችሁን የወገብ ማሰሪያ ፍቱት፣ ብትወድቁ ጥላችሁት እንድትወጡ። የአገሩን መሻገሪያ ሚያውቅ ሰው ሳይዙ መግባት የለም፣ የአገሩ ሰው «ዛሬ አይሆንም» ካለ ደሞ አይሆንም ነው።

ከብዙ አመት በፊት ሰኔ መጨረሻ ላይ እኔና አንድ ጓደኛዬ አምባሰል ውስጥ ስንሄድ ሰንብተን ወደ መኪና መንገድ ስንወጣ በኛና በመንገዱ መሀል አንድ ወንዝ ነበር፣ ጠዋት ስናየው ድንጋይ ለድንጋይ ሚታለፍ አይነት ወንዝ ነው። ሾፌሩ እስከ 10 ሰዓት እጠብቃችኋለሁ ብሎን ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ውሃው ጭቃ ለብሷል፣ ሁለታችንም ወሎ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን፣ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን መኪናው ሊያመልጠን ነው። ገባን። መሀል ስንደርስ ጓደኛዬ እግሩ ተንሸራተተ፣ እጁን ይዤው ነበር፣ አመለጠኝ። ሀያ ሰላሳ እርምጃ ወሰደው፣ አንድ ዳር ላይ ያለ የሾላ ስር ያዘው፣ በሱ ተንጠላጥሎ ወጣ፣ ቦርሳው ግን ሄደ። እየተንቀጠቀጥን መንገዱ ጋ ስንወጣ መኪናው የለም፣ ሱቅ ያለችው ሴትዮ «9 ሰዓት ሳይሞላ ነው የሄደው» አለችን። ወንዙ ውስጥ ስንገባ መኪናው ከሄደ ቆይቷል ማለት ነው። ያንን እጅ አሁን ድረስ ሳስበው መዳፌ ይቀዘቅዛል።

እና ወንድሜ፣ ከሾፌራችሁ ጋር ሰዓት አትቀጣጠሩ። «ሐሙስ ወይም አርብ ነው ምንደርሰው፣ ኔትዎርክ ስናገኝ እንደውላለን፣ ካልደወልን ስራህን ስራ» በሉት፣ ሚያስከፍላችሁ ቢጨምርም ይጨምር። የሁለት ቀን ትርፍ ስንቅም ያዙ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ ሆድ መሙላት አለበት፣ የራበው ሰው ነው ወንዝ ሚገባው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼን ይዤ ተራራ ስወጣ ገመገሙ ላይ መብረቅ ያዘን፣ ዛፍ ስር ሰበሰብኳቸው፣ ምንም አልሆንም ግን በኋላ አንድ ሰው ተቆጣኝ። ተሳስቻለሁ እንዴ? (መምህር፣ ከመርሳ)

መልስ፦ አዎ መምህር፣ ለብቻው የቆመ ዛፍ ስር መጠለል ዋናው ስህተት ነው፣ ከብቶች እንደዛ ተሰብስበው ነው ሚያልቁት። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፣ ነጎድጓዱ ከ30 ቁጥር በፊት ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ወዲያው ከገመገሙ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ውረዱ። ሜዳ ላይ ከተያዛችሁ ልጆቹን አትሰብስቧቸው፣ አራርቃችሁ አስቀምጧቸው፣ እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ፣ መሬት ላይ አይተኙ። የዋሻ አፍ ላይም አይቁሙ። ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ካለ ውስጡ ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትንቀሳቀሱ፣ ልጆች ዝናቡ ሲያባራ ይነሳሉ፣ መብረቅ ግን ዝናብ ካቆመም በኋላ ይወርዳል። በበልግም በክረምትም ከሰዓት በኋላ ነው ሚብሰው፣ ስለዚህ ከቀትር በፊት ወጥታችሁ መውረድ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ መሽቶ መኪና ሲጠፋ አይሱዙ ጭነት ላይ መውጣት ይቻላል? ሁሉም ሰው ያረገዋል። (ከሐይቅ)

መልስ፦ አይቻልም። በሌሊት፣ በዝናብ፣ እንደ ሐረጎ ባለ ጠመዝማዛ ላይ፣ ጭነት ላይ ተቀምጦ፣ በፍጹም አታርገው። ባለህበት እደር።

ጥያቄ፦ እደር እደር ትላለህ፣ ግን አልጋ ቤት በሌለበት ገጠር ሰው ቤት መጠየቅ በጣም አፍራለሁ፣ ሴትም ስለሆንኩ እፈራለሁ። ምን ተብሎ ነው ሚጠየቀው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ወሎ ነው ያለሽው፣ እንግዳ ሚመልስ ቤት ብዙ አይደለም። ፍርሀትሽ ግን ትክክል ስለሆነ አትናቂው፣ ለብቻሽ አትሂጂ፣ ያደርሽበትን ቀበሌ ስም ኔትዎርክ ባለበት ለቤተሰብ ተናገሪ። ሳይጨልም ጠይቂ፣ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ጨለማ ውስጥ ከመጣ ሰው ማንም ይደነግጣል። አጥሩን አልፈሽ አትግቢ፣ ውሻ አለ፣ ከውጪ ሆነሽ «ቤቶች!» ብለሽ ተጣሪ፣ እናት ወይ ልጆች ያሉበትን ቤት ምረጪ። ከዛ ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፣ «መንገደኞች ነን፣ መሸብን፣ ማደሪያ ፈልገን ነው» ብቻ በቂ ነው። በመቄትና በላስታ በኩል ከሆንሽ ደሞ ገበሬዎቹ ራሳቸው ሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ነበሩ፣ የትኛው አሁን እንግዳ እንደሚቀበል ከመውጣትሽ በፊት ላሊበላ ላይ ጠይቂ።

ቦርሳሽ ውስጥ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ያዢ። ብር እንደገባሽ አታውጪ፣ ቅር ይላቸዋል፣ ስትሄጂ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ብለሽ ለእናትየው ስጪ። እስላም ቤት ከሆነ ያንቺን ስንቅ ስጋውን አታውጪ፣ ክርስቲያን ቤት ከሆነ ጾም መሆኑን ጠይቂ፣ ሁለቱም ቤት ግን ቡና ይፈላል፣ ቢደክምሽም እስከ በረካ ተቀመጪ፣ ስለነገው መንገድ፣ ስለ ወንዙ፣ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ሁሉንም ምትሰሚው እዛ ነው። ስልካቸውን ተቀበይ። ቤትሽ ስትደርሺ ደግሞ ደውይላቸው፣ ዝናብ ላይ ነው የሸኙሽ፣ እስክትደውይ ድረስ ያስባሉ።